ሽላሽ የሰጠው ውርንጭላ

ያንን አምባላይ ድንጉላ ተዉትና ከኋላው ያለውን ሰውዬ እዩልኝ። ፈረሱን ማንም ያየዋል፤ ለመታየት የተፈጠረ ነው። እኔ የማሳያችሁ ከውኃ ጉድጓዱ ማዶ፣ ሻሹን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ግመል የሚያጠጣ መስሎ የቆመውን ነው። ግመሎቹ ጠጥተው ከጨረሱ ቆይተዋል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ተኝተው ያመሰኳሉ። እሱ ግን አይሄድም። ድንጉላው አንገቱን ባነሳ ቁጥር የሰውዬው አገጭ አብሮ ይነሳል። ድንጉላው ባሽካካ ቁጥር ሰውዬው ምራቁን ይውጣል። ሽላሽ ይባላል።

ስለ ድንጉላው፣ ስለ ሙዝን፣ ያልተወራ ነገር የለም። ከሶርያዋ ተድሙር እስከ ኤፍራጥስ ወንዝ፣ ጥቁር ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ሽማግሌዎች የፈረሳቸውን ዘር ሲቆጥሩ መጨረሻቸው እሱ ነው። ተገጥሞለታል፣ ተዘፍኖለታል። ለሽላሽ ግን አንዲት ስንኝ የቋጠረለት የለም። «ምቀኛ ነበር» ይሉና ያልፉታል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ምቀኛ ነበር ብሎ ማለፍ ምን ማለት ነው? የሚያልፉትስ ሰዎች መላእክት ናቸው? ሽላሽ ባይኖር ሙዝን የለም። ሽላሽ እስከ መጨረሻው ቢጨክን ኖሮ ደግሞ ሙዝን አባቱ ያልታወቀ ጭነት ጎታች ተብሎ ከተማ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ አላልፈውም።

ሽላሽ የተወለደው አንበጣ ሰማዩን በሸፈነበት ዓመት ነው። አባቱ ሲሞት ጥቂት ግመሎችና አንዲት ዳማ ባዝራ ተወለት። ባዝራዋ ሸዕላ ትባላለች፤ ዘሯ ከኩሔላን፣ ከምርጦቹ የዓረብ ፈረሶች ወገን ነው፣ እናቷም የእናቷም እናት የታወቁ። እኛ ዘንድ ግመል ያለው ሰው ሀብታም ይባላል፣ ባዝራ ያለው ግን ይሰማል። ሽላሽ ገና ጢሙ ሳይበቅል ሸንጎ ላይ ሲናገር ሽማግሌዎች ዞር ብለው ያዩት የነበረው ስለ ምላሱ አልነበረም፤ ስለ ሸዕላ ነበር።

የአጎቱ ልጅ ጀድዓን ይባላል። ድንኳኖቻቸው ጎን ለጎን ስለሚተከሉ ገመዳቸው ይጠላለፋል፤ አንዱ ሲያነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። ጀድዓን በልጅነቱ ከግመል ወድቆ አንድ እግሩ አጥሮ ቀረ። ባዝራ የለውም። ቢኖረውም አይዘምትባትም። ያን ጊዜ ሽላሽ ጀድዓንን ይወደው ነበር፣ ከልቡ። አድኖ ሲመጣ የጥንቸሏን ጭን ቀድሞ የሚልከው ለሱ ነው። ደግ ነበር ማለት ነው? ተዉኝ እባካችሁ! ከኛ ያነሰን ሰው መውደድ ምን ይከብዳል? ሁላችንም እንችልበታለን።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፀደይ ነው። ሽላሽ ሸዕላን ይዞ ጎረቤት ሰፈር ወደሚገኝ ሽማግሌ አምባላይ ድንጉላ ሄደ፤ ዘሩ የተመሰከረለት ድንጉላ። እኛ ዘንድ ባዝራ ከድንጉላ ጋር የምትገናኘው ምስክር ባለበት ነው። ምስክር የሌለው ውርንጭላ አባት እንደሌለው ይቆጠራል። ሽላሽም ሃዛዕ የሚባል አዛውንት አስከትሎ ሄደ። ሚስቱ ዋድሃም የውኃ ስልቻ ተሸክማ አብራ ነበረች። ከሳምንታት በኋላ፣ አርግዛ እንደሆነ ለማወቅ፣ ሦስቱም ባዝራዋን መልሰው ወሰዷት። ሸዕላ ድንጉላውን ገና ከሩቅ ስታየው ጆሮዋን ለጠፈች፤ ጠጋ ሲል ዞራ በኋላ እግሯ ደረቱን አለችው። ያረገዘች ባዝራ ወንድ አታስጠጋም። ሃዛዕ «በቃ፣ ይዛለች» አለ፣ ሽላሽም እየሳቀ ተመለሰና ለጀድዓን እንዴት እንደረገጠችው በእጁም በእግሩም እያሳየ አወራለት።

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጠላቶቻችን ሊዘርፉ ወረዱብንና ሸዕላን ከሌሎቹ ጋር ነዷት። ፈረሰኞቻችን ተከታትለው ወር ሳይሞላ አስመለሷት። ማንም ከዚያ በኋላ ስለዚያ ወር አላሰበም።

በሚቀጥለው ፀደይ ዝናብ ጠፋ። ሣሩ ገና ብቅ ሲል ደረቀ፣ የግመሎቹ ጡት ጎደለ። ሸዕላ ያማጠችው በዚያ ክፉ ጊዜ ነው። ሽላሽ ከድንኳኑ ውጭ ይንጎራደዳል፤ ጀድዓን ምርኩዙን ይዞ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ምን ወለደች?» አለ ሽላሽ።

«ወንድ» አለች ዋድሃ ከውስጥ።

«በደንብ እዪ!»

«አይቻለሁ የአጎቴ ልጅ» አለች፤ ሚስት ባሏን እኛ ዘንድ እንዲህ ትጠራዋለች። «እስከ ነገ ባየው ሴት አይሆንልህም።»

ሴት ውርንጭላ ስትወለድ እኛ ዘንድ ጎረቤት እልል ይላል። ወንድ ሲወለድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የዘር ስም የሚወረሰው ከእናት ነው፣ ለዘመቻም የምትፈለገው ባዝራ ነች፣ ወንዱ ወይ ለከተሜ ይሸጣል ወይ ወተት ይከለከላል። ይሄ ልማዳችን ነው፤ ስንት ጥሩ ፈረስ በዚህ ልማድ እንደገደልን አላህ ይወቅ። በዚህ ላይ ሽላሽ ውርንጭላውን ሲዳስሰው አንገቱ ከትከሻው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የጠጉር አዙሪት አገኘ። «ክፍት መቃብር» የምንለው አዙሪት ነው። ያንን የያዘ ፈረስ ጋላቢው በኮርቻ ላይ ይሞታል ይባላል።

ሽላሽ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። «መቃብር ነው የወለደችልኝ!»

«እንግዲያው ለኔ ስጠኝ» አለ ጀድዓን እየሳቀ። «የኔ አንድ እግር እንደሆነ ቀድሞ ገብቷል።»

«ውሰደው!» አለ ሽላሽ፤ የጎረቤት ሰዎች ተሰብስበው ነበርና ጮክ አለ። «አንካሳና መቃብር ይስማማሉ። ወስደህ ተቀበርበት!»

ሰው ሳቀ። ጀድዓንም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ተነሳና፣ እያነከሰ፣ ገና በእግሩ በቅጡ ያልቆመውን ውርንጭላ ልብሱ ውስጥ ጠቅልሎ ወደ ድንኳኑ ወሰደው። በሰው ፊት የተሰጠ ነገር ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

የጀድዓን ቤት የምትታለብ ግመል አንድ ነበረች። ልጆቹ ወተቱን በውኃ አቅጥነው ጠጡ፣ ወፍራሙን ውርንጭላው ጠጣ። ሚስቱ እንዴት እንደሰደበችው አትጠይቁኝ። ሙዝን ብሎ ስም አወጣለት፤ ዝናብ የቋጠረ ደመና ማለት ነው። ዳማ ሆኖ የተወለደው ውርንጭላ በየዓመቱ እየነጣ፣ እየነጣ መጣና አንድ ቀን ስናየው እንደ ሽማግሌው አባቱ አምባላይ ሆኗል። ጀድዓን አይጋልበውም፤ መጋለብ አይችልም። ስለዚህ ያ መቃብር የሚቀብረው ሰው አጣ። ድንጉላው ባዝራ የሚጠብቅ ጌታ ሆኖ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመ።

መጀመሪያ ባዝራቸውን ያመጡለት ሩቅ መሄድ የሰነፉ ሰዎች ናቸው። ቀጥሎ ውርንጭሎቹ ተወለዱ። ውርንጭሎቹ አድገው ሲሮጡ ከሌላው ሁሉ ቀደሙ። በዘመቻ ሌላው ሲማረክ የሙዝን ልጆች ጋላቢያቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የጀድዓን ደጃፍ እንደ ገበያ ሆነ። የጎሣችን አለቃ ሼኽ ሚትዓብ ሳይቀሩ ባዝራቸውን ይዘው መጡና በዚያ በተቀዳደደ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ።

ሽላሽስ? ሽላሽ ይህን ሁሉ በሁለቱ ድንኳን መካከል ባለው ክፍተት ያያል። ምግብ አይወርድለትም። ዋድሃ ቴምርና ቅቤ ስታቀርብለት «ማን መጣ?» ይላል። «ብላ» ትለዋለች። «የማን ባዝራ ነች ያቺ?» «ብላ አልኩህ!»

ለድንጉላ አገልግሎት ዋጋ መቀበል እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ጀድዓንም አንዲት ፍሬ ቴምር አልተቀበለም። ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ሽላሽ እፎይ ባለ! «ስግብግብ» ብሎ ይሰድበው፣ ሌሊቱን ይተኛ ነበር። ጀድዓን ግን ይህን እንኳ ነፈገው። ይባስ ብሎ እንግዳ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ «ባለውለታዬ ሽላሽ ነው! እሱ ባይሰጠኝ እኔ ምን ነበርኩ? አላህ ዕድሜውን ያርዝመው!» ይላል። ምስጋና ሰውን እንዴት እንደሚልጥ ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ጊዜ ሽላሽ ግመሎቹን ይዞ ሲያልፍ ቆም ብሎ ድንጉላውን አየው። የጀድዓን ሚስት ከድንኳኑ ብቅ አለችና «ማሻአላህ በል እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። ዓይኑን ፈራችው። በማግስቱ የሙዝን አንገት ላይ ሰማያዊ ዶቃ ታሰረ። ሰፈሩ ሁሉ ዶቃው ለማን እንደታሰረ ያውቃል። ሽላሽ የገዛ ባዝራውን ልጅ እንዳያይ ዶቃ ታሰረበት! ከዚያ ቀን በኋላ ነው ከጉድጓዱ ማዶ መቆም የጀመረው።

ልብ በሉ፣ ሽላሽ የቸገረው ሰው አልነበረም። ሸዕላ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሴት ውርንጭሎች ወልዳለታለች። ዓይኖቻቸው እንደ ሚዳቋ ናቸው። ሰው እያየ ይቀናባቸዋል። እሱ አያያቸውም።

እንዲህ እያለ፣ ከወንዙ ማዶ ካሉት ጋር እርቅ በሆነበት ዓመት፣ አንድ የነሱ ሰው በሼኹ ድንኳን እንግዳ ሆነ። ሙዝንን አሳዩት። ሰውዬው ጢሙን እየዳበሰ፣ «የሸዕላ ልጅ ነው አላችሁኝ? ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ሳለች ከአንዱ ፈረሳችን ጋር የተገናኘች ይመስለኛል። ብቻ እንጃ፣ ብዙ ዘመን ሆነ» አለ። ክፋት አልነበረበትም። በላ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ያቺ «እንጃ» ግን ሰፈር ቀረች። ከሙዝን ያረገዘች ባዝራ ያለው ሁሉ እንቅልፍ አጣ። የማይታወቅ አባት ያለው ድንጉላ ከሆነ፣ ስንት ድንኳን ዘሩ ተበላሸ ማለት ነው!

የሽማግሌው ድንጉላ ጌታ ቀደም ብሎ፣ ሃዛዕም ባለፈው ክረምት ሞቷል። በደንባችን የሚቆጠር ምስክር የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጀድዓን ወደ ሽላሽ ድንኳን እያነከሰ መጣ። «የአጎቴ ልጅ፣ ነገ ሸንጎ ነው። አንተ ታውቃለህ።»

«ምኑን?»

«እንዴት እንደረገጠችው። አንተ ነህ የነገርከኝ፤ ሆድህን ይዘህ ስትስቅ ነበር።»

«እኔ ብዙ ነገር አወራለሁ» አለ ሽላሽ፣ የግመል ገመድ እየፈተለ።

«እና ነገ?»

«ነገ ነገ ነው።»

ጀድዓን ምርኩዙን አንስቶ ሄደ። ዋድሃ ከመጋረጃው ወዲያ ሁሉንም ሰምታለች።

ሸንጎው ከቀትር በኋላ በሼኹ ድንኳን ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ ከዚህ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። ሼኽ ሚትዓብ በሰይፋቸው ጫፍ አሸዋው ላይ ክብ አሰመሩ። ስለ ፈረስ ዘር የሚምል ሰው እዚያ ክብ ውስጥ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ነው የሚምለው። በዚያ ክብ ውስጥ የዋሸ ቤቱ እንደማይባረክ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«ሽላሽ» አሉ ሼኹ። «ሃዛዕን አላህ ይማረው። ያየኸው አንተ ነህ። ግባና ንገረን፤ ሸዕላ ሳትዘረፍ በፊት አርግዛ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ሽላሽ ክቡን አየው። አልገባም። «አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? አልሄድክም?»

«ሄጃለሁ። ረሳሁት።»

«የባዝራህን ነገር ረሳህ?» አለ አንዱ ከኋላ። «የእናትህን ስምስ ታስታውሳለህ?»

ሰው ሳቀ። ሼኹ አልሳቁም። «ስማ። አላውቅም ካልክ የሚወድቀው ድንጉላው ብቻ አይደለም። ሸዕላም ከማይታወቅ ወንድ ወልዳለች ማለት ነው። በኛ ደንብ አንዴ የተበላሸች ባዝራ ተበላሸች፤ ከዚያ ወዲህ የወለደቻቸው ሴቶቹም አብረው ይወድቃሉ። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«እና?»

«አላውቅም።»

የአባቱን ባዝራ! ሁለቱን ሴት ልጆቿን! የራሱን ስም፣ ሸንጎ ላይ የሚያሰማውን አንድ ነገር፣ በአንድ ቃል እሳት ውስጥ ጣለው፤ ለምን? የአንድ አንካሳ ሰው ደጃፍ ጭር እንዲል! ሙዝን እንዲሰጠው አልፈለገም። ጀድዓን እንዲያጣ ብቻ ነው የፈለገው።

ጀድዓን በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል። «የአጎቴ ልጅ» አለ፣ «ፈረሱን ውሰደው። ወላሂ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መልሼልሃለሁ። ብቻ አባት የለውም አትበል።»

ይህ ሽላሽን ያለሰልሰዋል ብላችሁ ከሆነ ቅናት አታውቁም። አሁን ደግሞ የጀድዓንን ደግነትም ቆሞ ሊያይ ነው! «ምጽዋት አልጠየቅኩህም!» ብሎ ጮኸ። «ከነመቃብሩ ያዘው!»

ሼኹ ሰይፋቸውን ወደ አፎቱ ሊመልሱ እጃቸውን አነሱ። ያ ቢሆን ነገሩ አለቀ ማለት ነበር። በዚህ ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ሼኽ ሚትዓብ፣ ዕድሜዎ ይርዘም። ባሌ እውነቱን ነው።»

ዋድሃ ነበረች። ያየችውን አይታለች፣ ግን የሴት ምስክርነት ለብቻው በዚያ ሸንጎ አይቆጠርም። ስለ ሴት ልጅ ቃል የምናወራውን ሁሉ እያወራን አንቆጥረውም፤ በዚህም ልናፍር ይገባናል። እሷ ይህን ስለምታውቅ አልመሰከረችም። ባሏን ግን ታውቀዋለች።

«ድንጉላው ከኛ ቤት ምንም የለውም» አለች። «ያ አንገት የወንዝ ማዶዎቹ ነው። ያ ደረትም የነሱ ነው። ሩጫውም የነሱ። ጎበዞች ናቸው እኮ፤ ወር ሳይሞላ እንዲህ ያለ ፈረስ ሠሩ! እኛማ የሸዕላን ሆድ አዋስናቸው እንጂ ምን አደረግን? የሽላሽ እጅ የለበትም ብላችሁ ተዉት።»

«ዝም በይ አንቺ!»

«ልክ ነህ ነው የምልህ የአጎቴ ልጅ። የነሱ ነው።»

«እውነቷን ነው» አለ ያው ከኋላ ያለው ሰው። «እንዲህ ያለ አንገት ከሽላሽ ቤት ከየት ይመጣል?»

«የነሱ?» አለ ሽላሽ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። «የነሱ ነው ያልሽው? ያ የሸዕላ አንገት ነው! ዕውር ናችሁ? እኔ ነኝ የወሰድኳት! ማሰሪያዋን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሃዛዕ ‹አጥብቅ!› እያለ ሲጮህብኝ እጄ ተልጧል! መልሼ ስወስዳትም ያንን ሽማግሌ ድንጉላ ደረቱን አለችው፤ እስኪሞት ድረስ ጠባሳው ደረቱ ላይ ነበር፣ ሄዳችሁ የባለቤቱን ልጆች ጠይቁ! በማግስቱ ነው የተዘረፈችው! ወንዝ ማዶ ማን ነው ፈረስ የሚያውቅ? የኔ ባዝራ! የኔ እጅ! የኔ ነው!»

ሁሉም የሚያየው እግሩን ነው። ሽላሽ ዝቅ ብሎ ሲያይ ክቡ ውስጥ ቆሟል። መቼ እንደገባ እሱም አላወቀም።

«ፊትህን ወደ ቂብላ አዙርና ያንኑ ድገመው» አሉ ሼኹ።

ደገመው። ይህኛው ጩኸት አልነበረበትም፤ ከሥጋ ውስጥ እሾህ እንደሚነቅል ሰው አንድ አንድ ቃል እያወጣ፣ ምሎ ደገመው። ጀድዓን ሊስመው ወደ ትከሻው ጎንበስ ሲል በክርኑ ገፋው።

ሙዝን ዳነ። ዘሩ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ሽላሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ደግ ሰው ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ዋድሃን ለረጅም ጊዜ አላናገራትም፤ ስትስቅበት ከረመች። በየድንኳኑ እየዞረ ድንጉላው ያለውን ሁሉ ከእናቱ እንዳገኘው፣ ከጀድዓን ያገኘው ቢኖር መኮፈስ ብቻ እንደሆነ ሲያስረዳ ኖረ። ሙዝን ሲሞት አልቀበረም፤ ግመል ጠፋብኝ ብሎ ወጣ። ማታ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ አቧራ ነው አለ።

እሱ ራሱ አርጅቶ የአልጋ ቁራኛ በሆነ ጊዜ ጀድዓን ከሙዝን የልጅ ልጆች አንዷን እያስጎተተ ሊጠይቀው መጣ። ባዝራዋን እስከ ድንኳኑ ውስጥ አስገቧት። በአገሩ እሷን የምታህል አልነበረችም። ሽላሽ ከትራሱ ቀና ብሎ ከሰኮናዋ እስከ ጋማዋ በቀስታ አያት።

«ጆሮዋ ይረዝማል» አለ፣ ተመልሶም ተኛ። በሳምንቱ ሞተ።

አታመስግኑት። እኔም አላመሰግነውም፤ ያወጣው ቅናቱ እንጂ ልቡ አይደለም። እውነቱ ግን ወጣ፤ ወጥቶም አንድን ቤት አዳነ፣ አንድን ዘር አተረፈ። የሱን ቅናት የምንጸየፍ ስንቶቻችን ነን፣ ከምንቀናበት ሰው ጎን መቆም እንዳይሆንብን ብለን «አላውቅም» እያልን፣ ጨዋ መስለን፣ ክቡን ከሩቅ እየዞርን የምናልፍ? ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የምትቀኑበትን ሰው የሚያድን እውነት አፋችሁ ውስጥ ካለ፣ ልባችሁ እስኪነጻ አትጠብቁ፤ አይነጻም። እንደቀናችሁ፣ ጥርሳችሁን እንዳፋጫችሁ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ተናገሩ።